የቀደመውን ሥዕል እየቀዱ ስለ መማር

ሰው እጁን የሚያስተምረው በሌላ ሰው እጅ ነው። ፊደል የሚቈጥር ሕፃን መምህሩ በስንደዶ የሚጠቍመውን ፊደል አይቶ ያንኑ ይደግማል፤ ቍም ጽሕፈት የሚማር ደቀ መዝሙር ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ ከፊቱ የተዘረጋውን መጽሐፍ ፊደል በፊደል እየቀዳ ዓመታትን ያሳልፋል፤ ሸማኔውም አንጥረኛውም እንዲሁ ነው። ከነዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ «የሌላውን ሥራ ወሰድህ» ብሎ የሚወቅሰው የለም። ወደ ሥዕል ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የቀድሞ ሠዓሊ የሣለውን የሰው ገጽ ከፊቱ አድርጎ በዘይት ቀለም የሚቀዳውን ወጣት አንዳንዱ ሰው ያደንቀዋል፤ ሌላው ደግሞ «ይህ የራሱ ነገር የሌለው ነው» ብሎ ይንቀዋል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። የሚቀዳ ሰው ተማሪ ነውን ወይስ ቀማኛ? ተማሪስ ከሆነ መቅዳቱ የት ላይ ሊያበቃ ይገባዋል?

ጥያቄውን በሐዋሳ ከተማ ላይ ቆመን ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጥልናል። ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት። በሐይቋ ዳር የተቈረቈረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ስለ ሆነ ዕድሜዋ ከአንድ ሽማግሌ ዕድሜ አይበልጥም። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ከአራቱም ማዕዘን ወደ እርሷ የሚጐርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው የእምነት ድኻ ናት አይላትም። ነገር ግን በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ሆነው ወደ ታች እንደሚመለከቱት የመላእክት ገጾች፣ በጣና ደሴቶችም እንደሚገኙት ግድግዳዎች ያለ፣ የሠዓሊ ልጅ እያየው የሚያድግ የብዙ መቶ ዓመት ሥዕል የላትም። ስለዚህ በሐዋሳ የገጽ ሥዕል ሊማር የተነሣ ወጣት ከፊቱ የሚያገኘው መምህር በገበያ የሚሸጥ የታተመ ሥዕል ወይም በእጅ ስልኩ መስተዋት ላይ የሚታይ ምስል ነው። የሚቀዳው ከዚያ ነው። በእርሱ ልንፈርድበት አንችልም፤ ሌላ ምን ያድርግ?

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሁለት የማይመሳሰሉ ሕጎች ጐን ለጐን ይኖራሉ። በዜማ ቤት ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ያለ ጭማሪና ያለ ቅናሽ ይዞ መገኘት አለበት፤ ምልክቱን ቢያዛንፍ፣ የግዕዙን ዜማ ወደ ዕዝል ቢወስደው ይታረማል፤ «ከራሴ አመጣሁት» ቢል ማንም አያመሰግነውም። በቅኔ ቤት ግን ተቃራኒው ነው። ትናንት ከመምህሩ የሰማውን ቅኔ ዛሬ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ መሳቂያ ይሆናል። የሚያስገርመው ደግሞ ሊቁ ቅኔ ሲያፈልቅ «ዘረፈ» ማለታችን ነው፤ ይህ ዘራፊ ግን ከማንም የማይሰርቅ ነው። ሆኖም የቅኔ ተማሪም ቢሆን ባዶ እጁን አይጀምርም። በመጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ይቀበላል፤ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ እያንዳንዱ ቃል በቦታው ለምን እንደ ተቀመጠ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ከጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ የሚቈጥረው። የሥዕል ተማሪ በነዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል የቆመ ሰው ነው። ጧት የዜማ ተማሪ፣ ከሰዓት በኋላ የቅኔ ተማሪ መሆን ይኖርበታል።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። አንድ የሐዋሳ ወጣት የዘይት ቀለም ሊማር ፈልጎ «የዕንቍ ጉትቻ ያደረገችው ልጃገረድ» የምትባለውን ሥዕል ለመቅዳት መረጠ እንበል። ይህችን ሥዕል በሆላንድ አገር በደልፍት ከተማ ይኖር የነበረው ዮሐንስ ቬርሜር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1665 ገደማ ሣላት፤ ዛሬ በሄግ ከተማ ማውሪትስሃውስ በሚባለው ቤተ መዘክር ትገኛለች። ቁመቷ 44.5፣ ወርዷ 39 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ1881 በዚያው ከተማ በጨረታ ስትሸጥ ያወጣችው ዋጋ ሁለት ጊልደር ከ30 ሳንቲም ነበር፤ የሰው ዐይን ከፊቱ ያለውን ሳያይ ምን ያህል ዘመን ሊቀመጥ እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

ወጣታችን ሸራውን ወጥሮ፣ ሙጫና ጀሶ የገባበትን ነጭ ቅብ ቀብቶ፣ ካደረቀም በኋላ በአራት ማዕዘን መስመሮች ከፋፍሎ ንድፉን ይጀምራል። የመጀመሪያውንም ትምህርት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ትምህርቱም ትሕትና ነው። እርሱ አፍንጫ ማለት በሁለት መስመር መካከል ያለ ነገር ይመስለው ነበር። የልጅቱን ገጽ ሲመረምር ግን የአፍንጫዋ ድልድይ ከወዲያኛው ጉንጯ ጋር በአንድ ዐይነት ቀለም ተዋሕዶ መስመር የሚባል ነገር በመካከላቸው እንደሌለ ያያል። ዕንቍውም ዕንቍ አይደለም፤ ከላይ አንድ ወፍራም የነጭ ነቍጥ፣ ከታች ደግሞ ከአንገትጌዋ የተመለሰ ደብዛዛ ብርሃን ነው፤ ከጆሮዋ ጋር የሚያያይዘው ማንጠልጠያ እንኳ አልተሣለም። የቀረውን የሚሞላው የተመልካቹ ዐይን ነው። እንግዲህ ወጣቱ «ዐይን እንዲህ ነው፣ ከንፈር እንዲህ ነው» ብሎ ለብዙ ዘመን በልቡ ያስቀመጠውን ሁሉ አፍርሶ የሚታየውን ብቻ እንዲያይ ይገደዳል። ይህን ያህል ዐይን የሚከፍት መምህር ዛሬ በሕይወት ካሉትም መካከል በቀላሉ አይገኝም።

ሁለተኛው ትምህርት ትዕግሥት ነው፤ እርሱንም የሚያስተምረው ቀለሙ ራሱ ነው። የዘይት ቀለም የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው፤ ያው በጾም ወራት ቈልተንና ወቅጠን የምንበጠብጠው ተልባ ማለታችን ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየተቀበለ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ። ስለዚህ ሠዓሊው ቅባቱ የቀለለውን ቀለም ከታች፣ ቅባቱ የበዛውን ከላይ አድርጎ በየደረጃው እንዲደርቅ ይጠብቃል። ሥርዓቱን ቢገለብጠው ፈጥኖ የሚደርቀው ቀለም ቀስ ብሎ በሚደርቀው ላይ ይቀመጥና ሥዕሉ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ጥድፊያ ያለበት ሰው ይህን ሙያ ባይጀምረው ይሻለዋል።

ከዚህ በኋላ ግን አንድ አስቸጋሪ ነገር ይመጣል። የልጅቱ ጀርባ ዛሬ ፍጹም ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሥዕሉን የሚቀዳው ሰው ሁሉ ያንኑ ጥቁር ይቀባል። በ2018 የቤተ መዘክሩ ሊቃውንት ሥዕሉን በልዩ ልዩ መሣሪያ መርምረው በ2020 ውጤቱን ሲገልጡ ግን ቬርሜር ከልጅቱ በስተጀርባ አረንጓዴ መጋረጃ ሥሎ እንደ ነበረ አስታወቁ። አረንጓዴው ቀለም ከዕፀዋት የተገኘ ስለ ነበረ በዘመን ብዛት ጠፍቶ ጥቁሩ ብቻ ቀረ። ለዐይን የማይታዩ ቀጫጭን ሽፋሽፍቶችም ነበሯት። እንግዲህ ጥቁሩን በትጋት የሚቀዳ ወጣት ምን ቀዳ? የቬርሜርን አሳብ አይደለም፤ የዘመንን ጉዳት ነው የቀዳው። በስልክ መስተዋት የሚታየው ምስል ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ የቀለሙን ውፍረት አያሳይም፤ የቱ ቀድሞ የቱ ኋላ እንደ ተቀባ አይናገርም፤ የሥዕሉን መጠን እንኳ ይደብቃል። ፊቱን የሚቀዳ ሰው የላዩን ብቻ ያገኛል፤ መንገዱን የሚቀዳ ሰው፣ ይኸውም ሠዓሊው በቡናማና በጥቁር ጥላ ጀምሮ ወደ ብርሃኑ እንዴት እንደ ወጣ ደረጃ በደረጃ የሚከተል ሰው፣ እርሱ ተማረ እንላለን። አባቶችን እንከተላለን በሚሉ ሰዎች ዘንድም ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይታያል፤ አባቶች ያሰቡትን ትተው በአባቶች ሥራ ላይ ያረፈውን ጥላሸት የሚወርሱ አሉና።

መቅዳት ለአገራችን ሠዓልያን እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም በዓለም ላይ ስለ መቅዳት ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ ታላቅ ታሪክ የእኛው ነው። በሮም ከተማ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በምትባለው ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን ልጇን ይዛ የምትታይበት ጥንታዊ ሥዕል አለ፤ ወንጌላዊው ሉቃስ የሣላት ናት እየተባለም ይነገርላታል። በ1569 በአውሮፓውያን አቈጣጠር የሮሙ ፓፓ ፒዮስ 5ኛ ለኢየሱሳውያን ማኅበር ሥዕሏን እንዲያስቀዱ ፈቀደላቸው፤ እነርሱም ቅጂዎቿን ወደ ሩቅ አገሮች ይዘው ሄዱ። በዚህ መንገድ ቅጂዋ ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ። በኋላ በሃይማኖት ምክንያት የሆነውን ሁሉ የአገራችን ታሪክ ይናገራል፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ዐፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላም ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባረሩ። ሥዕሏ ግን አልተባረረችም።

ይህ ነገር ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። የጎንደር ዘመን ሠዓልያን ሥዕሏን ያመጧት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ አላጡትም ነበር። ነገር ግን የእመቤታችን እጆች አንዱ ባንዱ ላይ ተላልፈው የተቀመጡበትን፣ በእጇ የያዘችውን መሐረብ፣ የተዘረጉትን ሁለት ጣቶች፣ ልጇም በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ሲባርክ የሚታይበትን አኳኋን እንደ ዜማ ምልክት ሳያዛንፉ ጠበቁ። የቀረውን ግን እንደ ቅኔ አደረጉት። በግራና በቀኝ መላእክትን አቆሙላት፤ በጥላ የተሠራውን የልብሷን እጥፋት በደማቅ መስመርና በጌጥ ለወጡት፤ ዐይኖቿን አጐሉአቸው፤ ገጿንም አገራቸው በምታውቀው ገጽ ሣሉት። ዛሬ አንዲት እናት «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ፊት ቆማ ስትጸልይ በፊቷ ያለው ሥዕል አኳኋኑ ከሮም እንደ መጣ በአሳቧም አይመጣባት፤ ሊመጣባትም አይገባም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። ከነዚያ ሠዓልያን አንዱ እንኳ «እኔ አዲስ ነገር ልፍጠር» ብሎ የተነሣ አይመስለንም። እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት የነበረውን ቅጂ በታማኝነት ቀዳ፤ ነገር ግን የሚቀዳው በእጁ ስለ ነበረ፣ እጁም ዕለት ዕለት የሚያያቸውን ገጾች ስለሚያውቅ፣ ሥዕሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ሳይታወቅ የአገሩን መልክ ያዘ። የራስ የሚባለው ነገር የመጣው ማንም ሳይፈልገው ነው። በማተሚያ መኪና የተባዛው ሥዕል ግን ሺህ ጊዜ ቢባዛ ሺሁም አንድ ነው፤ በመካከሉ የሰው እጅ አላለፈበትምና። «መቅዳት የራስን ያጠፋል» የሚሉት ሰዎች ክሳቸውን ከእጅ ወደ ማተሚያው ቢያዛውሩት ወደ እውነት ይቀርቡ ነበር።

ታማኝ ቅጂ ሌላም ጥቅም አለው። የነገሥታቱ የጸሎትና የመሐላ ሥዕል የነበረው «ኵርዓተ ርእሱ»፣ ይኸውም ጌታችን የእሾኽ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአውሮፓዊ ሠዓሊ የተሣለ እንደ ሆነ ይታመናል። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲሄዱ ይዘውት ይዘምቱ ነበር፤ በ1736 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመን በስናር ዘመቻ ተማርኮ በቤዛ ተመለሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲያርፉ ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪትሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከንጉሡ ቤት አግኝቶ ለራሱ አስቀረው፤ ለሙዚየሙ እንኳ አልሰጠም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1917 በለንደን ተሸጠ፤ በኋላም ወደ ፖርቱጋል አገር ተሻገረ፤ ወደ ኢትዮጵያ ግን አልተመለሰም። ዋናው እንዲህ ሲርቅ ያ ያዘነበለ ራስ፣ በግንባሩ ላይ የተጐነጐነው እሾኽ፣ የተጣመሩት እጆች በምን ቀሩልን? ከዚያ በፊት በየገዳማቱ በቀዱት፣ ስማቸውን እንኳ በማናውቃቸው ሠዓልያን እጅ ነው። የቅጂን ሥራ የሚንቅ ሰው ለነርሱ የሚመልሰውን ቢያስብ ይበጃል።

እንግዲህ የሚቀዳ ሁሉ ቀማኛ ካልሆነ፣ ቀማኛ የሚሆነው መቼ ነው? ለዚህ በፓሪስ የሉቭር ቤተ መዘክር ያለው ሥርዓት ጥሩ መልስ ይሰጣል። ከ1793 ጀምሮ ሠዓልያን በአዳራሾቹ ውስጥ ተቀምጠው የቀደሙትን ሥራዎች እንዲቀዱ ይፈቀድላቸዋል። ነገር ግን ቅጂው ከዋናው ቢያንስ በአምስት እጅ አንድ እጅ ማነስ ወይም መብለጥ አለበት፤ የዋናውንም ሠዓሊ ፊርማ መቅዳት ክልክል ነው። ማለት፣ በእጅ የፈለግኸውን ያህል ተጠጋው፤ በስሙ ግን አትነግድበት ነው። ጴጥሮስ ጳውሎስ ሩበንስ በዘመኑ ስሙ የገነነ፣ ዕድሜውም ከ50 ዓመት ያለፈ ሠዓሊ ሆኖ ሳለ በ1628 ወደ ማድሪድ በሄደ ጊዜ የቲሲያንን ሥዕሎች እንደ ተማሪ ቍጭ ብሎ ይቀዳ ነበር፤ የአዳምና የሔዋን ቅጂው ዛሬ ከዋናው ጋር በዚያው ከተማ በፕራዶ ቤተ መዘክር ይገኛል። አላፈረበትም፤ «የቲሲያን ነው» ብሎ ስለ ቀዳው የሚያፍርበት ነገር አልነበረውም።

በሐዋሳም ቢሆን ለእንግዳ ማረፊያ ቤቶችና ለመኖሪያ ቤቶች ሥዕል የሚሸጥ ወጣት ከሸራው ጀርባ «ከእገሌ ሥራ የተቀዳ» ብሎ ቢጽፍ ክብሩ አይቀንስም፤ ገዢውም አይታለልም። ሞቶ ብዙ ዘመን የሆነውን ሠዓሊ መቅዳትና በሕይወት ያለውን፣ በሥራው ልጆቹን የሚያሳድገውን ሠዓሊ ሥራ ቀድቶ በርካሽ መሸጥም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ የሁለተኛው ስም ግን ሌላ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን። ይህ ወጣት የገጽ ሥዕል በተማረ ማግስት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲሠራ መጠየቁ አይቀርም፤ ከተማዋ ታድጋለች፤ አብያተ ክርስቲያናት ይታነጻሉ፤ ግድግዳ ሁሉ ሥዕል ይፈልጋል። ከቬርሜር የተማረውን ጥላ፣ ከመስኮት የሚመጣውን ብርሃን፣ ወደ ጐን ዘወር ያለውን አንገት ይዞ ወደ መቅደሱ ይግባ? በእኛ አስተያየት አይግባ። በአባቶቻችን ሥዕል የቅዱሳን ገጽ ሁለቱም ዐይኖቹ እንዲታዩ ሆኖ ይሣላል፤ ባንድ ዐይን በጐን የሚሣሉት ክፉዎቹ ናቸው፤ በቅዱሱም ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከየትኛውም መስኮት የሚገባ ብርሃን አይደለምና ጥላ አይጥልም። ይህ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱም መምህር ያለው ሙያ ነው። ከታተመ የአውሮፓ ሥዕል እንዳለ ተገልብጦ የሚሣለው ገጽ ግን እንደ ጎንደሮቹ አልተዋሐደንም፤ እንደ ቬርሜር ሥራም ጥበብ የለበትም። በእንደዚህ ያለ ሥዕል ሥር የምታድግ የሐዋሳ ሕፃን ቅድስና ከእናቷና ከአያቷ ገጽ የራቀ ነገር ሆኖ በልቧ ቢቀረጽ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ሥዕሉን በሚያሠሩት ሰዎች ዘንድ ይህ ጕዳይ ከግምጃ ቤቱ ሒሳብ እኩል ሊመከርበት በተገባ ነበር።

ይህ ሲባል ወጣቱ የዘይት ቀለሙን ይጣለው ማለታችን አይደለም። የሰውን ገጽ እንደ ሰው ገጽ መሣል በራሱ መልካም ሥራ ነው፤ አባትን፣ ጐረቤትን፣ ከመንደር የማይወጣ ሽማግሌን ለረዥም ሰዓት በጥንቃቄ መመልከት ከፍቅር የራቀ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ሊማር ቢፈልግም መንገዱ አልተዘጋበትም። አዲስ አበባ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ቤተ መዘክር በእንጨት ላይ የተሣሉ የጥንት ሥዕሎች ተሰብስበው ይገኛሉ። እዚያ ሄዶ ሁለት ቀን እንኳ በእርሳስ ቢቀዳ በስልኩ ሁለት ዓመት ካየው ይልቅ ይበልጣል፤ የእንጨቱን ውፍረት፣ የጀሶውን ንጣፍ፣ የመስመሩን አጣጣል በዐይኑ ያያልና።

ከዚያም ወደ ከተማው ይመለስ። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ዳር ሲያወጡ ፀሐይ በከተማይቱ በኩል ወጥታ ፊታቸውን ታበራዋለች፤ አባ ኮዳዎቹም ለዓሣው ተረፈ ምርት በአጠገባቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱን ቀርቦ «አባባ፣ ገጽዎን ልሣል ይፈቅዱልኛል?» ይበላቸው። የአፍንጫቸው ድልድይ ከጉንጫቸው ጋር የት ላይ እንደሚዋሐድ፣ ከሐይቁ የሚመለሰው ብርሃን ከአገጫቸው በታች ምን እንደሚያደርግ አሁን ያውቀዋል። የደልፍቷ ልጅ ሦስት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል አንገቷን ሳታነቃንቅ ጠብቃለች፤ እኒህ አባት ግን የሚቀመጡለት ዓሣቸው ተሸጦ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው።